እንጠብቅ ወይስ እንሂድ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ቀን ሥልጠና ጠራኝ። ልምድህን ለወጣቶቹ አካፍል ተብዬ ነው። አሠልጣኟ ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ ግድግዳው ላይ «የነርሶች የሥራ ሁኔታና የስሜት መዛል» የሚል ጽሑፍ አብርታ ምልክቶቹን ታስረዳለች። ለሥራ ግድ ማጣት፣ ከበሽተኛ መራቅ፣ ውስጥ ባዶ መሆን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ። እኛ ይህን በሽታ ስም ሳይወጣለት ነው የምናውቀው። የራሱ ስም ስላልነበረው ሌላ ስም ይሰጡት ነበር፤ የዚያ ዘመን ስም ደግሞ ሰው ያስበላ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ስነሣ «ጋሼ ማቴዎስ፣ በሥራ ዘመንዎ ከሁሉ የከበደዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። ልጆቹ ስለ ኦሞራቴ ሙቀት፣ ስለ እባብ፣ ጭቃ ስለሚውጠው የጭነት መኪና እንዳወራ ጠብቀዋል።

«አንድ የዋንዛ ዛፍ» አልኩ።

ሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ስፈጠር ፈሪ ነኝ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል፤ እኔ ጂንካ አጠገብ ነሪ ወንዝ ውስጥ ገላዬን እየታጠብኩ አልቦኝ ያውቃል። የጎፋ ልጅ ነኝ። ጤና ረዳትነት ተምሬ ወደ ጂንካ የተመደብኩት አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ሲሆን፣ ከአርባ ምንጭ የመጣሁት የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። መንገዱን ሙሉ የፈራሁት ቆላውን ነበር። ደርሼ ሲስተር ውድነሽን ሳይ ግን ቆላውን መፍራት ተውኩ።

ጤና ጣቢያችን ከጂንካ ወጣ ብሎ፣ ወደ አሪ ደጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ በአካባቢው የሚሠሩት ልጆች ምንም አላደረጉም። ሲስተር ውድነሽ የወላይታ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ያኔ አንቱ እላት ነበር። ዛሬ እሷ በዚያን ጊዜ ከነበረችበት ዕድሜ እጅግ ስላለፍኩ «እሷ» እያልኩ ብጽፍ አትቀየመኝም ብዬ ነው።

ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። መርፌ ያኔ እየተቀቀለ ደጋግሞ የሚሠራ ነበር። ሲደንዝ በሞረድ እንስለዋለን፤ ከዚያ ጫፉን ጥጥ ላይ ጎተት አድርጋ ታሳልፈዋለች። አንድ ጭረት ጥጥ ከያዘ ጫፉ ተቆልምሟል ማለት ነው፤ እንደገና ወደ ሞረዱ። «ይቺ ጥጥ ላይ የቀረችው ሥጋው ላይ ብትሆን ኖሮ?» ትለኛለች። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት እጇን በሙቅ ውሃ ታጥባ ታፋትጋለች። ቀዝቃዛ እጅ የባዕድ እጅ ነው ትላለች። ስትታጠብ ደግሞ ታንጎራጉራለች። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ መዝሙር በቃል ማሰማት ሰው በሚያስጠይቅበት ወቅትም ቢሆን ቃሉን ትታ ዜማውን ብቻ ታንጎራጉር ነበር። እኔ የዜማውን ቃል ስለማውቀው በር በሩን አያለሁ።

ዋንዛው በግቢያችን መሃል ነበር የቆመው። የአሪ ደጋ ሰው በሽተኛውን በቃሬዛ ነው የሚያመጣው፤ ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ፣ ሽቅብ ቁልቁል ብለው። ለመንደሩ ያለው ቃሬዛ አንድ ነው። ስለዚህ በሽተኛውን አስገብተው ሲያበቁ በሩ ፊት ቆመው «እንጠብቅ ወይስ እንሂድ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይድናል ከተባሉ ቃሬዛውን ይዘው ይመለሳሉ፤ ለሌላ በሽተኛ ይፈለጋልና። አይድንም ከተባሉ ዋንዛው ሥር ቃሬዛውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ሰው በአገሩ አፈር ነው የሚቀበረው፤ ሬሳውን ተሸክመው ለመመለስ ነው የሚጠብቁት። «ሂዱ» ሕይወት ነበር፤ «ጠብቁ» ሞት። አንዳንዶቹ እንዲያውም «ጠብቁ» ከተባሉ አይቀመጡም፤ ቤቱ ይሙት ብለው በነፍሱ ይዘውት ይሄዳሉ። ሐኪም በሌለበት አገር ይህን ቃል የሚናገረው የዕለቱ ተረኛ ነው።

«መልስ ከበር ላይ አይሰጥም» አለችኝ ሲስተር ገና በመጣሁ ሰሞን። ሰዎቹ ቆመው ሲጠይቋት አትመልስም። መጀመሪያ በሽተኛውን ትነካለች፤ መድኃኒቱን ሰጥታ እስቲ ይሞክረው ብላ ትታገሣለች። ከዚያ እጇን ታጥባ፣ እያንጎራጎረች፣ ወደ ዋንዛው ትሄዳለች። ሥሩ ላይ ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ትላለች። ስሙ ማነው፣ ልጆች አሉት ወይ ብላ ትጠይቃለች። የምትናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሞትም ከሆነ አብራቸው ትንሽ ሳትቀመጥ አትነሣም።

«ሲስተር፣ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ ምነው ይህን ያህል መቀመጥ?» ብያት ነበር አንድ ቀን።

«እዚህ ካልተቀመጥኩ ለሚቀጥለው ምን ይዤ እገባለሁ?» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ተዘዋወርኩ። ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ ሠራሁ፤ የገበያው ቀን የጠብ ቁስል እየሰፋሁ ሌላውን ቀን አቧራ እጠርግ ነበር። ኦሞራቴ ወረድኩ። እዚያ አንድ የዳሰነች ሽማግሌ ከወንዙ ውሃ ስቀዳ ከሩቅ ቆሜ በገመድ የታሰረ ባልዲ ስወረውር አይቶ በአስተርጓሚ «ይህ ሰው አዞ ሳይበላው በፍርሃት ያልቃል» ብሎኛል። ደመወዙ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴ በአውሮፕላን፣ አንዳንዴ በወሬ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መልስ ከበር ላይ ሰጥቼ አላውቅም። ጀግንነት አይደለም፤ ሲስተር የሆነ ቦታ ሆና የምታየኝ ይመስለኝ ስለነበር ነው።

ወደ ሲስተር ጣቢያ ስመለስ የጦርነቱ ጊዜ ነበር። ከነርሶቹ አንዱ ወደ ግንባር ተወስዷል፤ ሌላዋ ሰፈራ ጣቢያ ተልካለች። ምትክ የለም። ሲስተርና እኔ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ኃላፊያችን ጓድ ገዛኸኝ። ጓድ ገዛኸኝ ክፉ ሰው አልነበረም። እንደኔ ፈሪ ነበር፤ ልዩነታችን እሱ ወንበር ላይ ሆኖ መፍራቱ ነው።

በበጋው ማጅራት ገትር ገባ። ይህን በሽታ ያላየ ሰው አይመኘው። ጠዋት ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ አንገቱ እንደ ግንድ ደርቆ ወደ ኋላ ይለጠጣል። አልጋው ሞላ፤ ወለሉ ሞላ፤ በረንዳው ሞላ። መድኃኒቱ እንደ ዘይት የወፈረ መርፌ ነበር። ጠርሙሱን መዳፍህ ውስጥ ይዘህ ካላሞቅኸው በመርፌው አያልፍም፤ ቀዝቅዞ ከተወጋ ደግሞ ግማሹ ስሪንጁ ውስጥ ይቀራል፣ በሽተኛውም ይሠቃያል። ሲስተር ጠርሙሶቹን በብብቷ ይዛ ትዞር ነበር፤ እንደ ሙቀት መለኪያ።

ምልክቶቹን እነሆ፣ አሠልጣኟ ከቆጠረቻቸው ጋር አስተያዩዋቸው።

መጀመሪያ ማንጎራጎሯ ቆመ። ለበሽተኞቹ ምንም አልነበረም፤ ለኔ ግን ሰማይ የተደፋብኝ ያህል ነበር። ቀጥሎ ዋንዛው ሥር መቀመጥ ቀረ፤ ቆማ መናገር ጀመረች። ቀጥሎ የበሽተኞቹ ስም ጠፋ። «የጥግ በኩሏን ውጋት» ትለኛለች። «በረንዳ ላይ ያለው አልቋል፣ አንሣው።» እሷ፣ ስም ሳትጠይቅ መርፌ የማታነሣው ሴት። አንድ ቀን ቀትር ላይ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ስትቀዳ አየኋት። ስሪንጁ እምቢ ሲላት በጉልበት ገፋችው። በሽተኛው ጮኸ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ንዴት እንኳ የለም። እኔ በሽታው እንዳይዘኝ ስፈራ የቆየሁ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈራሁት ያንን ፊት ነው።

ጓድ ገዛኸኝ ቢሮ ገባሁ።

«ሲስተር ዕረፍት ያስፈልጋታል» አልኩት።

ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ። «ምን አልክ?»

«ደክማለች። ብቻዋን ናት። ትንሽ ቀን...»

«ማቴዎስ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በወረርሽኝ መሃል ዕረፍት ስጡ ብዬ ወደ በላይ ብል ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? አሻጥር ነው የሚሉት። እሷንም፣ አንተንም፣ እኔንም። ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳትደግመው።»

አልደገምኩትም።

ያቺ ሴት የመጣችው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ከደጋ በቃሬዛ አመጧት። አራስ ናት መሰለኝ፤ ልብሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል። ባሏ ወፍራም እጅ ያለው፣ ፂሙ ገና ያልጠና ሰው ነበር። ሲስተር ከውስጥ ሌላ በሽተኛ ላይ ጎንበስ ብላለች። እኔ ከኋላ በላምባ ምድጃ መርፌ እየቀቀልኩ ለሴትየዋ የሚሆነውን ጠርሙስ በመዳፌ አሞቃለሁ። በመስኮቱ ባልየው ሲጠይቅ ሰማሁት።

«ሲስተር፣ እንጠብቅ? እንሂድ?»

ሲስተር ፊቷን አላዞረችም። ሴትየዋን አላየቻትም፤ አልነካቻትም።

«ጠብቁ» አለች።

ቃሉ ጆሮዬ ገባ፤ ግን ያልሰማሁት መሰለኝ። መርፌውን ከውሃው አውጥቼ፣ አቀዝቅዤ፣ መድኃኒቱን ቀድቼ ወደ ፊት ስወጣ ሴትየዋ የለችም። ዋንዛው ሥርም ቃሬዛ የለም። ቤቷ ትሙት ብለው በነፍሷ ይዘዋት ሄደዋል።

ስሪንጁን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ፈሪ ሲሮጥ ከኋላው የሆነ ነገር ያባርረዋል፤ ያን ቀን ግን የሚያስፈራው ከፊቴ ነበር። የደረስኩባቸው ጅረቱን ተሻግረው ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ቃሬዛው መሬት ተቀምጧል። ሸካሚዎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል። ባልየው ራስጌዋ ተቀምጦ በጨርቅ ዝንብ ይከላከልላታል። ደረቷ ላይ ጆሮዬን ብለጥፍ፣ አንገቷን ብዳስስ፣ ምንም የለም። መድኃኒቱ እጄ ላይ ገና ሙቅ ነበር።

ምን እንደምል ጠፋኝ፤ ሲስተር ያስተማረችኝን ጠየቅኩ። «ስሟ ማነው?»

«ሣራ» አለኝ። ከዚያ በደከመ አማርኛ፣ «ሲስተር እውነት ነግሮናል። ጠብቁ አለ፣ ሞተች። ባይነግረን መንገድ ላይ ተስፋ እናደርግ ነበር። እግዜር ይስጠው በልልን» አለኝ።

ትድን ነበር ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አላውቅም። እንደ እሷ ሆነው መጥተው መርፌውን ወስደው በእግራቸው የሄዱ ግን ብዙዎች ነበሩ።

ስመለስ ሲስተር በሩ ላይ ቆማለች። ቃሬዛው አለመኖሩን አይታለች፤ እጄ ላይ ያለውንም ስሪንጅ አየች።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። «ስሟ ሣራ ነው» አልኩ። «ሞታለች። ባሏ ያመሰግንዎታል። እውነት ስለነገርዎት እግዜር ይስጥዎት ብሏል።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ወደ ዋንዛው ሄደችና ሥሩ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሰሞን መቀመጥ ትታ የነበረችው ሴት ተቀመጠች፤ አልተነሣችም። ስጠራት ታየኛለች፤ አትመልስም። ወዲያው ሌላ ቃሬዛ መጣ። ሰዎቹ አጠገቧ ሄደው ጠየቋት፤ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ በሩ ላይ ነኝ። ከኋላዬ ቤቱ ሙሉ ያቃስታል። በሽተኛው በቃሬዛው ላይ በነጠላ ተሸፍኗል፤ ፊቱን እንኳ አላየሁም። «ጠብቁ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ነው፤ ካልኩት ሰዎቹ ከፊቴ ዘወር ይላሉ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። የሲስተር ልብ ከእኔ የከፋ ስለሆነ እንዳልተናገረችው ያን ጊዜ ገባኝ። ብቻውን እዚያ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይደርስበታል። ምላሴን ነክሼ ገባሁና እጄን ታጠብኩ።

በማግስቱ የሰኞው ስብሰባ ደረሰ። ያኔ በየሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ ነበር፤ ሰው ተነሥቶ የጓዱን ጥፋት ይናገራል፣ ወይም የራሱን። የፓርቲው ካድሬ ከከተማ መጥቷል፤ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችም አሉ። ሲስተር ከፊት ተቀምጣለች፤ ጓድ ገዛኸኝ ወለሉን ያያል።

«ጓድ ውድነሽ በወረርሽኝ ወቅት ሥራ አቁማለች» አለ ካድሬው። «ሕዝቡን አሳልፋ ሰጥታለች። ይህ ድካም ነው የሚለኝ ካለ፣ አብዮቱ ድካም አያውቅም። አሻጥር ነው። ሂስ ያለው?»

እጄ ተነሣ። ማን እንዳነሣው አላውቅም፤ የኔ አልመሰለኝም። የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ።

«ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ።

«ያደረግኸውን ተናገር።»

«ገና አላደረግሁትም» አልኩ። «ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው የማደርገው። እሷ ከተነሣች ያ ቤት ውስጥ ብቻዬን እቀራለሁ። አንድ ቀን አንዱን በሽተኛ ሳላየው ከበር ላይ ሞቷል እላለሁ። ትናንት ልለው ነበር። እንደምለው ስለማውቅ አስቀድሜ ራሴን እሄሳለሁ። ሲስተር አሻጥረኛ ከሆነች እኔንም አብራችሁ ያዙኝ፤ ሳልገድል ብትይዙኝ ይሻላል።»

ከኋላ የሳቀ ነበር። ካድሬው ልጅ እግር ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ላልተሠራ ጥፋት ግለ ሂስ የሚል አላገኘም መሰለኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። እሱ ሲያየኝ እኔ ፖሊስ ጣቢያውን፣ ጨለማውን፣ እናቴን ሁሉ አየሁ። ጓድ ገዛኸኝ፣ ያ ልጆች አሉኝ ያለው ሰው፣ ቀና ሳይል «ሰው ይጨመርልን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ይህ የኔ ግለ ሂስ ነው» አለ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

እኔ እስከዛሬ አልመካበትም። ሁለት ጤና ረዳቶች የመጡልን በዚያ ንግግር ይሁን፣ በሽታው ወደ ትልልቆቹ ሰዎች ቤት ስለተጠጋ ይሁን አላውቅም። ሲስተርን ግን አላሰሯትም። ወደ አገሯ ትሂድ ተባለ።

እስከ ቀይ አፈር በጭነት መኪና ሸኘኋት። ገበያው ደምቆ ነበር። መኪናው እህል እስኪጭን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተናገረችው ሴት በድንገት «ማቴዎስ» አለችኝ። «እጅ ሲደክም ያርፋል። አፍ ሲደክም ግን ሰው ይገድላል። ብቻህን ሲያደርጉህ ጩኽ።»

ዳግመኛ ነርስ አልሆነችም። መንግሥት ተለውጦ ጸሎት ቤቱ ሲከፈት ወላይታ ሶዶ ሄጄ አየኋት። ጉባኤው ቆሞ ይዘምራል፤ ያው ዜማ ነው፣ አሁን ከነቃሉ። እሷ መሃላቸው ቆማ ነበር። አፏ አይንቀሳቀስም።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ተናገርኩ። ስጨርስ አጨበጨቡ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ፎቶ ተነሣን። አሠልጣኟ ወረቀቷን ሰበሰበች።

ከአዳራሹ ስወጣ አንዲት ወጣት ነርስ ተከተለችኝ። ሥልጠናውን ሙሉ ራሷን ጠረጴዛ ላይ ደፍታ ያየኋት ናት። ትዕግሥት ትባላለች።

«ጋሼ ማቴዎስ፣ ያኔ በሩ ላይ ፈራሁ አሉ» አለችኝ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «ፍርሃቱ የማይመጣ ከሆነስ? እኔ መፍራት ካቆምኩ ቆየሁ።»

ፊቷን አየሁት። አውቀዋለሁ፤ ያንን ፊት በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ጎንበስ ብሎ አይቼዋለሁ። ፍርሃቴ ተመለሰ።

«በፈረቃ ስንት ናችሁ?» አልኳት።

«ሁለት ነበርን። አሁን ብቻዬን ነኝ። አሁንም ክፍሉን ትቼ ነው የመጣሁት፤ መመለስ አለብኝ።»

ወደ ክፍሏ አብሬያት ሄድኩ። ያው የድሮው ግቢያችን ነው፤ ዋንዛው ግን ከተቆረጠ ዓመታት አልፈውታል፤ በምትኩ ግቢው ውስጥ የሲሚንቶ መቀመጫ አለ። በሩ ላይ አስታማሚዎች ቆመው አፏን አፏን ያያሉ። ጋቢዬን አውልቄ አጠፍኩና እጅ መታጠቢያው ጋ ሄድኩ። ውሃው እስኪሞቅልኝ እጄን ሥሩ አቆየሁት።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ኃላፊሽን አስጠርቼ ልጮኽበት ነው» አልኳት። «እሱ እስኪመጣ መቀመጫው ላይ ቁጭ በይ። አንቺ ሂጂ፤ በሩን እኔ እጠብቃለሁ።»